ክብደት የሚችል የተራራ ብስክሌት መንኮራኩር

ክብደት የሚችል የተራራ ብስክሌት መንኮራኩር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ነጂን፣ ወይም ነጂን ከነጭነቱ፣ በድንጋያማና በተዳፋት መንገድ ላይ ሳይጣመምና ሽቦው ሳይበጠስ ለረጅም ጊዜ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ የብስክሌት መንኮራኩር ነው። ከተራው መንኮራኩር የሚለየው በዋናነት በብረቱ ውፍረት አይደለም። የሚለየው በሽቦዎቹ ብዛት፣ በውጥረታቸው እኩልነት፣ በቸርኬው አሠራር፣ በመሐል ዘንጉ ጥንካሬ እና በጎማው ስፋት ነው።

ብዙ የተራራ ብስክሌቶች ከፋብሪካ ሲወጡ መንኮራኩራቸው የሚታሰበው ለመካከለኛ ክብደት ነው። ከባድ ነጂ ወይም ጭነት ሲጨመርበት ከብስክሌቱ ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው መንኮራኩር ነው። ይህ ጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በጌዴኦ ዞን የምትገኘው የገደብ ወረዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ቁልቁለቱ፣ ዝናቡ፣ ቀዩ ጭቃ እና የቡና ጭነቱ ደካማ መንኮራኩርን በአጭር ጊዜ የሚፈትኑ ናቸው።

የመንኮራኩር ክፍሎች

በዕለት ተዕለት ንግግር መንኮራኩሩ በሙሉ «ጎማ» ቢባልም ክፍሎቹ የተለያዩ ናቸው።

ቸርኬ፦ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ነው። ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት ይሠራል።

ሽቦዎች፦ ቸርኬውን ከመሐሉ ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። አንደኛው ጫፋቸው ታጥፎ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፋቸው ጥርስ ያለው ሲሆን በቸርኬው ላይ በትንሽ ዳዶ ይታሰራል።

ሞዞ፦ የመንኮራኩሩ እምብርት ነው። በውስጡ ዘንግና ኩሽኔታ አለው።

ጎማና ከመነዳሪ፦ ጎማው ውጫዊው ላስቲክ ሲሆን ከመነዳሪው አየር የሚይዘው የውስጥ ክፍል ነው።

ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴናና ፍሬን የሚሉት ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት ከጣልያንኛ ነው።

ክብደት የሚሸከምበት መንገድ

የብስክሌት ሽቦ ቀጭን ስለሆነ እንደ ምሰሶ ቆሞ ክብደት መሸከም አይችልም፤ ከላይ ቢጫኑት ይጎብጣል። መንኮራኩሩ የሚቆመው ሽቦዎቹ ሁሉ አስቀድመው ስለተወጠሩ ነው። በደንብ በተሠራ የኋላ መንኮራኩር በካቴናው በኩል ያለው እያንዳንዱ ሽቦ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም የሚሆን ክብደት የተንጠለጠለበት ያህል ይወጠራል።

ነጂው ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጥ መሬት በሚነካው ክፍል ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል፤ የሌሎቹ ግን ብዙም አይለወጥም። መንኮራኩሩ ሲዞር ተራው ወደሚቀጥሉት ሽቦዎች ያልፋል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ሽቦ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ይላላል፣ እንደገናም ይወጠራል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆብስት ብራንት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የብስክሌት መንኮራኩር መጽሐፍ ይህን ጠባይ በስሌትና በልኬት አብራርቷል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የታችኞቹ ሽቦዎች ፈጽመው እስኪላሉ ድረስ ክብደት ከተጫነ ዳዶዎቹ በራሳቸው መፈታት ይጀምራሉ፤ ቸርኬውም ወደ ጎን የሚይዘው ስለማይኖር ሊጣመም ይችላል። ሁለተኛ፣ ሽቦ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ በአንድ ከባድ ምት አይደለም፤ በድካም ነው። ሽቦን በእጅ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ በማጠፍ መስበር እንደሚቻለው ሁሉ፣ በየዙሩ የሚላላና የሚወጠር ሽቦም ውሎ አድሮ በታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል። የላላ ሽቦ ደግሞ በየዙሩ በይበልጥ ስለሚንቀሳቀስ ከጠበቀው ቀድሞ ይበጠሳል። ስለዚህ አንድ መንኮራኩር ሽቦ መበጠስ ሲጀምር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠን በላይ መወጠር ሳይሆን ውጥረቱ ማነሱ ወይም እኩል አለመሆኑ ነው።

የክብደት ስሌት

መንኮራኩር ከመምረጥ በፊት ጠቅላላው ክብደት ይሰላል። ጠቅላላ ክብደት የሚባለው የነጂው፣ የብስክሌቱና የጭነቱ ድምር ነው። ብዙ አምራቾች የሚያስቀምጡት ጣሪያም ይህንኑ ድምር የሚመለከት እንጂ የነጂውን ክብደት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ትሬክ የተባለው የአሜሪካ አምራች ለብዙዎቹ የተራራ ብስክሌቶቹ የሚሰጠው ጣሪያ 136 ኪሎ ግራም ሲሆን ይህም ነጂን፣ ብስክሌትንና ጭነትን ይጨምራል።

105 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ግራም በሆነ ብስክሌት ላይ 30 ኪሎ ግራም እሸት ቡና ከኋላ ቢጭን ድምሩ 150 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከተጠቀሰው ጣሪያ በ14 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ያለ ጭነቱ ግን 120 ኪሎ ግራም ስለሆነ በጣሪያው ውስጥ ነው።

ክብደቱ ለሁለቱ መንኮራኩሮች እኩል አይከፈልም። በደልዳላ መንገድ ላይ ከነጂውና ከብስክሌቱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ በኋላው ላይ ያርፋል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ይህ 72 ኪሎ ግራም ነው። ከኋላ የተጫነው 30 ኪሎ ግራም ከሞላ ጎደል በሙሉ በኋላው ዘንግ ላይ ስለሚያርፍ የኋላው መንኮራኩር 102 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ የፊተኛው 48 ብቻ። በአንጻሩ 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ ያለ ጭነት በዚያው ብስክሌት ሲሄድ በኋላው ላይ የሚያርፈው 48 ኪሎ ግራም ነው። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል።

ባለ 26 ኢንች መንኮራኩር በአንድ ኪሎ ሜትር 480 ጊዜ ያህል ይዞራል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በወር 25 ቀን ቢነዳ እያንዳንዱ ሽቦ በወር 240,000 ጊዜ ያህል ይላላል፣ ይወጠራልም። በቀላል ነጂ ዓመታት የሚቆይ መንኮራኩር በከባድ ነጂ በወራት ውስጥ ሽቦ መበጠስ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

የተለመዱ ብልሽቶች

የሽቦ መበጠስ፦ ብዙውን ጊዜ በኋላው መንኮራኩር በካቴናው በኩል፣ ሽቦው ታጥፎ ሞዞው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ይደርሳል።

የቸርኬ መጣመም፦ መንኮራኩሩ ሲዞር ወደ ግራና ቀኝ ይወላገዳል፤ የፍሬን ላስቲኩንም ይነካል።

የቸርኬ መሰንጠቅ፦ በሽቦ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ይህ ከታየ ቸርኬው አይጠገንም፤ ይቀየራል።

የዘንግ መጉበጥ፦ የኋላው ጥርስ በሞዞው ላይ በጥርስ እየዞረ በሚታሰርባቸው ርካሽ ሞዞዎች ላይ ይበዛል።

ድርብ ቀዳዳ፦ ጎማው በአየር ማነስ ምክንያት በድንጋይና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ሲጨፈለቅ ከመነዳሪው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣል።

የመምረጫ መስፈርቶች

የሽቦ ብዛት

ሽቦ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ የሚደርሰው ጫና ይቀንሳል። በመንኮራኩር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው መነሻ የሚከተለው ነው።

ጠቅላላ ክብደት እስከ 100 ኪሎ ግራም፦ ከፊትም ከኋላም 32 ሽቦ።

ከ100 እስከ 130 ኪሎ ግራም፦ ከፊት 32፣ ከኋላ 36 ሽቦ።

ከ130 ኪሎ ግራም በላይ፦ ከፊትም ከኋላም 36 ሽቦ። ሁለት ሰው የሚነዳቸው ብስክሌቶች 40 ወይም 48 ሽቦ ያላቸው መንኮራኩሮች ይጠቀማሉ።

የሽቦ ብዛት ሌላም ጥቅም አለው። ከ36 ሽቦዎች አንዱ ቢበጠስ ቸርኬው በጥቂቱ ብቻ ስለሚወላገድ እየቀነሱ በመንዳት ቤት መድረስ ይቻላል። ከ20 ወይም ከ24 ሽቦዎች አንዱ ሲበጠስ ግን ቸርኬው ቴላዮውን ወይም ፍሬኑን ሊነካና ጉዞውን እዚያው ሊያስቆመው ይችላል።

የሽቦ ውፍረትና አጠላለፍ

መደበኛው ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ለከባድ ክብደት ሁለት ዓይነት ሽቦዎች ይመረጣሉ፤ ሁለት ጫፎቹ 2 ሚሊ ሜትር ሆነው መሐሉ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ ወይም በሞዞው በኩል ያለው ጫፉ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር የወፈረ። መሐሉ የቀጠነ ሽቦ ደካማ ቢመስልም በጥቂቱ ስለሚለጠጥ ጫናውን ከጎረቤቶቹ ጋር ይካፈላል፤ በታጠፈበት ጫፍ ላይ የሚደርሰውን ድካምም ይቀንሳል። ዳዶው ከነሐስ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ የአሉሚኒየም ዳዶ ቀላል ቢሆንም በእርጥበት ይበላል፣ ሲፈታም ይሰበራል።

ሽቦዎቹ ከሞዞው ሲወጡ እያንዳንዱ ሦስት ሌሎች ሽቦዎችን እያቋረጠ ወደ ቸርኬው የሚሄድበት አጠላለፍ ለ32ም ለ36ም ሽቦ የተለመደ ነው። ከሞዞው ቀጥ ብለው የሚወጡ ሽቦዎች ለዲስክ ፍሬንና ለኋላ መንኮራኩር አይሆኑም፤ ሞዞው የሚያመጣውን የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ቸርኬው ማስተላለፍ አይችሉምና።

ቸርኬ

ለከባድ ክብደት ባለ ድርብ ግድግዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ ያስፈልጋል። ድርብ ግድግዳ ማለት ቸርኬው ሲቆረጥ ውስጡ ባዶ ሳጥን የሚመስል ማለት ነው። ይህን ለመለየት ጎማውንና ከሥሩ ያለውን መከላከያ ጥብጣብ ማንሳት ይበቃል። የዳዶዎቹ ራሶች ከመነዳሪው በሚያርፍበት ወለል ላይ ከታዩ ቸርኬው ባለ ነጠላ ግድግዳ ነው። ራሶቹ በጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ከታዩ ባለ ድርብ ነው።

የቸርኬው የውስጥ ስፋት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ስፋት ላለው ጎማ ይስማማል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገባ በመታጠፊያ ላይ ጎማው ከነጂው ክብደት የተነሳ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

በሽቦ ፋንታ በሦስት ወይም በስድስት ወፍራም ክንዶች የተቀረጹ የቅይጥ ብረት መንኮራኩሮች ሲታዩ ጠንካራ ይመስላሉ። ነገር ግን ሲወላገዱ ማቃናት፣ ሲሰነጠቁም መጠገን አይቻልም። ለከባድ ጭነት የማይመከሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሞዞና ዘንግ

በርካሽ ብስክሌቶች የኋላው ጥርስ በሞዞው አካል ላይ በጥርስ ይታሰራል። በዚህ አሠራር በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ ከጥርሱ በስተ ውስጥ ስለሚቀር ዘንጉ ረጅም ርቀት ያለ ድጋፍ ይቆያል፤ በክብደትም ይጎብጣል። በሌላው ዓይነት የኋላው ጥርስ ከሞዞው ጋር በተያያዘ ተንቀሳቃሽ አካል ላይ ይገባል፤ ኩሽኔታው ወደ ዘንጉ ጫፍ ስለሚጠጋ ዘንጉ አይጎብጥም። የጃፓኑ ሺማኖ ይህን ዓይነት ሞዞ እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ አቅርቧል። ባለ 7 ማርሽና ከዚያ በላይ የሆነ ብስክሌት ለሚገዛ ከባድ ነጂ ይህን መጠየቅ ከቀለምና ከስም በፊት ይመጣል።

በአዳዲስ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ዘንጉ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት በቴላዮው ውስጥ አልፎ ይታሰራል። ይህ ለክብደት የተሻለ ቢሆንም የሚገጥመው ለዚያ በተሠራ ቴላዮ ላይ ብቻ ነው።

መጠን

የተራራ ብስክሌት መንኮራኩሮች በሦስት መጠን ይታወቃሉ፤ 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች። ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር እንደ ቅደም ተከተላቸው 559፣ 584 እና 622 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላው ነገር እኩል ሲሆን ትንሹ መንኮራኩር ይጠነክራል፤ ሽቦው አጭር ስለሆነና ወደ ጎን የሚይዝበት አንግል ሰፊ ስለሆነ። ትልቁ ደግሞ ድንጋይና ጉድጓድን በቀላሉ ይሻገራል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው 26 ኢንች በመሆኑ ጎማ፣ ከመነዳሪና ሽቦ ለማግኘት ይቀላል።

ጎማና የአየር ግፊት

ለመንኮራኩሩ የመጀመሪያው ምት ተቀባይ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ቸርኬንና ሽቦን ያድናል። ወደ 100 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ነጂ 2.2 ኢንች ስፋት ባለው ጎማ ከኋላ ከ35 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. (ከ2.4 እስከ 2.8 ባር ያህል) መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት በጥቂቱ ይቀንሳል። ጭነት ሲጨመር የኋላው ይጨምራል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን አይታለፍም። የመኪና ጎማ በሚነፋበት ማሽን የብስክሌት ጎማ የሚያስነፋ ሰው ለጎሚስታው የሚፈልገውን ግፊት አስቀድሞ ቢነግር ይመረጣል፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ በቅጽበት ከመጠን ያልፋል።

ፍሬንና ቁልቁለት

ከባድ ክብደት ቁልቁለት ሲወርድ የሚፈጠረው ሙቀት ከክብደቱ ጋር እኩል ይጨምራል። ጠቅላላ ክብደቱ 150 ኪሎ ግራም የሆነ ብስክሌት 200 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወደ 294 ኪሎ ጁል የሚሆን ጉልበት ይለቀቃል፤ 80 ኪሎ ግራም ሲሆን 157 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ከሚወስዱት በስተቀር ይህ ጉልበት በሙሉ በፍሬኑ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ፍሬኑ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይገባል። ጭቃና አሸዋ ከላስቲኩ ጋር ሲደባለቁ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆነው የቸርኬውን ግድግዳ ይፍቁታል። ግድግዳው ሲሳሳ በጎማው ግፊት ሊፈነዳ ይችላል፤ ይህም በቁልቁለት ላይ ሲደርስ ለሕይወት ያሰጋል። ግድግዳው ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ከታየ ወይም የመበላት ምልክት ሆኖ የተቀረጸው መስመር ከጠፋ ቸርኬው መቀየር አለበት። ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ፍሬን እጅግ ስለሚያንሸራትት ለቁልቁለት አገር አይመከርም።

የዲስክ ፍሬን ቸርኬውን አይበላም፤ ቸርኬው ትንሽ ቢወላገድም መያዙን አያቆምም። ለከባድ ነጂ 160 ሚሊ ሜትር ከሆነው ዲስክ ይልቅ 180 ወይም 203 ሚሊ ሜትር የሆነው ሙቀትን በተሻለ ይችላል፤ መጠኑ ግን ቴላዮውና ሹካው ከሚፈቅዱት ማለፍ የለበትም።

በገደብና በጌዴኦ ዞን

የገደብ ወረዳ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጌዴኦ ዞን ውስጥ ይገኛል። የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ናት። የገደብ የቡና ማሳዎች በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ናቸው። ቡናው ከእንሰትና ከጥላ ዛፎች ጋር በተዳፋት መሬት ላይ ይበቅላል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ለመንኮራኩር ምርጫ የሚያስፈልጉት የአካባቢው ጠባዮች አራት ናቸው። መጀመሪያው ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው፤ ዳገት ላይ በቀላል ማርሽ ሲረገጥ የኋላውን ሞዞ የሚጠመዝዘው ኃይል ይበዛል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ይበዛል። ሁለተኛው ዝናቡ ነው፤ በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ መንገዱ ለብዙ ወራት እርጥብ ነው። ሦስተኛው ቀዩ ሸክላማ አፈር ነው፤ ሲረጥብ በጎማና በቴላዮ መካከል ይጠቀጠቃል፣ ኩሽኔታ ውስጥም ይገባል። አራተኛው የቡናው ጊዜ ነው።

እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ ሳይቆይ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ጆንያ ውስጥ ከቆየ ይሞቃል፣ መብላላትም ይጀምራል፤ ጥራቱና ዋጋውም ይወርዳል። በመኸር ወቅት ጭነት ይዞ የሚሄድ ብስክሌት በመንገድ ላይ ሽቦ ሲበጠስበት ወይም ዘንጉ ሲጎብጥ የሚጠፋው የጥገናው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የዕለቱ ቡናም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ አካባቢ የመንኮራኩር ጥንካሬ የሚለካው ባለመሰበሩ ብቻ አይደለም፤ ሲጎዳም በአቅራቢያ በሚገኝ ዕቃና ሙያ መጠገን በመቻሉ ነው። ልዩ ሽቦ የሚፈልግ ውድ መንኮራኩር አንዲት ሽቦ ከዲላ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣላት ከቆመ፣ በማንኛውም የብስክሌት መጠገኛ ሽቦው የሚገኝ ባለ 36 ሽቦ ተራ መንኮራኩር ይበልጠዋል።

ገንዘብ ለማያወላዳ ገዢ የቅደም ተከተሉ ሐሳብ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የኋላውን መንኮራኩር ብቻ በባለ 36 ሽቦ፣ ባለ ድርብ ግድግዳ ቸርኬና ዘንጉ በማይጎብጥ ሞዞ መቀየር፤ ቀጥሎ ቴላዮው የሚፈቅደውን ያህል ሰፊ ጎማ ማስገባት፤ ከዚያ ፍሬኑን ማሻሻል፤ የፊቱን መንኮራኩር በመጨረሻ መቀየር። ጭቃ እንዲያልፍ በጎማውና በቴላዮው መካከል በሁለቱም በኩል የጣት ያህል ክፍተት ይተዋል።

ውጥረትና ጥገና

ከፋብሪካ በማሽን የተወጠረ ርካሽ መንኮራኩር ብዙ ጊዜ ውጥረቱ ያንሳል፣ እኩልም አይሆንም። አዲስ ብስክሌት የገዛ ከባድ ነጂ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት መንኮራኩሮቹን ልምድ ባለው ሰው ቢያስወጥር ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ይጠቀማል።

ውጥረቱ እኩል መሆኑን ያለ መሣሪያ ማወቅ ይቻላል። ሽቦዎቹ እንደ ክራር ጅማት በጣት ሲነኩ በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ድምፁ የወፈረው የላላ ነው። በኋላው መንኮራኩር የካቴናው ወገን ሽቦዎች ከግራዎቹ ይልቅ ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ፤ ቸርኬውን መሐል ላይ ለማቆም ቀኙ በይበልጥ ስለሚወጠር ይህ ጤናማ ነው።

ቸርኬው ወደ ግራ ከተወላገደ በዚያ ቦታ ያሉት የቀኝ ሽቦዎች ይጠብቃሉ ወይም የግራዎቹ ይላላሉ። ዳዶው በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፤ ከዚያ መንኮራኩሩን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ የተሠራ ወይም የተወጠረ መንኮራኩር ከጥቂት ሳምንታት ጉዞ በኋላ እንደገና ይፈተሻል።

ሽቦ ሲበጠስ በተመሳሳይ ርዝመት ይተካል። የፊት፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ሽቦዎች ርዝመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ስለሚችል ከየዓይነቱ ሁለት ሦስት መለዋወጫ በቴላዮው ላይ አስሮ መያዝ ይጠቅማል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ ከተበጠሰ ሌሎቹም ደክመዋል ማለት ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይመከራል።

ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ አራት ነገሮች ይታያሉ፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ቀጥ ማለቱ፣ በሽቦ ቀዳዳዎች ዙሪያ ስንጥቅ አለመኖሩ፣ የቸርኬው ግድግዳ አለመሳሳቱ፣ እና ቸርኬው ወደ ጎን ሲነቀነቅ ሞዞው ክፍተት አለማሳየቱ።

ታሪክ

በተወጠረ ሽቦ የሚሠራው መንኮራኩር በፓሪስ በኡዤን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1869 የባለቤትነት መብት አግኝቷል። እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 የሚጠላለፉ ሽቦዎችን አስተዋውቋል። የኋላው መንኮራኩር በይበልጥ እንደሚጫን አስቀድሞ ስለታወቀ የድሮዎቹ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ከፊት 32፣ ከኋላ 40 ሽቦ ነበራቸው።

የተራራ ብስክሌት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 ሪፓክ የተባለው የቁልቁለት ውድድር ተካሄደ። ስሙ «ዳግም መሙላት» እንደ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ በመርገጥ በሚሠራው ፍሬን ሙቀት የሞዞው ቅባት ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ከየውድድሩ በኋላ እንደገና ይሞላ ነበርና። ከመነሻው የተራራ ብስክሌትን የፈተኑት መንኮራኩሩና ሙቀቱ እንደነበሩ ስሙ ራሱ ያስረዳል።

ከዚያው ከካሊፎርኒያ ትውልድ የሆነው ብስክሌት ሠሪ ቶም ሪቺ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሩዋንዳ ተጉዞ ነበር። ከዚያ በኋላ የሩዋንዳ ቡና ገበሬዎች እሸት ቡናቸውን በፍጥነት ወደ ማጠቢያ ጣቢያ እንዲያደርሱ የኋላው ክፍል የረዘመ የጭነት ብስክሌት ነደፈ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ ደግሞ ቡፋሎ የተባለውን ብስክሌት ለአፍሪካ ገጠር መንገዶች አዘጋጅቷል፤ የኋላ መጫኛው 100 ኪሎ ግራም እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ሁለቱም ብስክሌቶች የተነደፉት ቀላልነትን ሳይሆን ጭነት መቻልንና በመንደር መጠገንን አስቀድመው ነው።

በቅርብ ዓመታት የኤሌክትሪክ ብስክሌት መስፋፋት ለከባድ ነጂዎች ሌላ ምርጫ አምጥቷል። ሞተሩና ባትሪው ክብደት ስለሚጨምሩ አምራቾች ለእነዚህ ብስክሌቶች የሚሠሯቸው ቸርኬዎችና ሞዞዎች ከተራዎቹ የጠነከሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 150 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት ይፈቀድላቸዋል። መጠናቸው ከቴላዮው ጋር እስከተስማማ ድረስ ሞተር በሌለው የተራራ ብስክሌት ላይም ይገጠማሉ።